አሥር ከስንት

ትሪየስቴ፣ በጥር። ቦራ የሚሉት ነፋስ
ኮፍያ ሲመነትፍ፣ ጃንጥላ ሲያፈርስ፣
የከተማው ንብረት ወደ እኛ ይወርዳል፤
የትራም መሥሪያ ቤት ምድር ቤቱ ይሞላል።

እኔ ነኝ ለማሽኑ ሕጉን የጻፍኩለት፦
«አሥር ካገኘህ በቃ፣ እዚያው ላይ ቁምበት።»
ምን ያደርጋል ደግሞ መጋዘን መበርበር?
ዕፍኝ ለሚበቃው፣ ጎተራው ይቅር።

ሲኞር ቱሊዮ ገባ፣ አንድ እጁን ኪስ ከትቶት፣
የግራ ጓንት ጠፍቶት፣ እሱም ግራ ገብቶት።
ኔሪና ጻፈች፦ ጓንት፣ ቡናማ፣ የግራ።
አሥር ወጡ በሰልፍ፣ ከነፎቷቸው፣ በተራ።

አየ፣ አየና አንዱም የእሱ አልሆነም።
መነጽሩን በሻርፑ ጫፍ ጠረገ።
«አሥር ብቻ ነን?» አለ።

ናቸው አላለም።

ኔሪና ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ ጣሪያው።
አሥረኛው ላይ እንዲቆም የተነገረው
አሥራ አንደኛውን በምን ያውቀዋል?

«ጥንድ ጥንዱን የምትቆጥረው አልዳ ነበረች» አለን፣
ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው፣
በሩን ነፋሱ ዘጋለት።

ያን ማታ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦
አሥሩን አሳይ፣ ሁሉን ግን ቁጠር።
ማሽኑ ከበደው።
ለማሳየት አሥሩን መንካት ይበቃ ነበር፤
ለመቁጠር ግን የማያሳየውንም ሁሉ
መሳቢያ ከፍቶ፣ አቧራ አራግፎ፣ አንድ በአንድ
መዳሰስ አለበት።
«ሦስት ሰከንድ ሙሉ? ሰው ይሰለቻል» አለ አለቃዬ።
ይሰልች።

ሐሙስ ተመልሶ መጣ። ከአሥሩ ፎቶ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«አሥር፣ ከሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት»።
ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ፣
የዘመዶቹን ወሬ እንደሰማ ሰው።
ከዚያ የቀኝ ጓንቱን አወለቀና
መስኮቱ ላይ አኖራት። «ይቺንም ጨምሩ።»

«ይቺ እኮ ቀኝ ናት» አለች ኔሪና፣ «ቁጥሩን አትለውጠውም።»
«ግድ የለም፣ መዝግቢያት።»
ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ቦራው ወጣ።

ከሄደ በኋላ ጻፍኩ፦ ጓንት፣ ቡናማ፣ የቀኝ።
ሦስት ሰከንድ።
አሥር፣ ከዘጠኝ መቶ ሁለት።
የእሱ ከአሥሩ መሀል የለችም።
ግን ተቆጥራለች።