ከጫማው ጋር የቀረ

ከውጭ ሲያዩት ሱቅ ነው፣ ጣቃ የሚሸጥበት፣
መጥራህ ባሕሩ ዳር፣ ጀልባ የሚቆምበት።
ጉልላት የለውም፣ ደወሉም አይሰማ፤
ሦስት ፎቅ ተወጥቶ ነው የሚወለቅ ጫማ።

ሂራቤን ክንዴ ላይ፣ በሌላው እጅ በትር፣
ትንፋሽ እያጠራት ደረጃ ስትቆጥር፣
«እብነ በረዱ» አለች፣ አራተኛው ላይ ቆማ፣
«በመርከብ ነው የመጣ፣ ከጃምናገር ከተማ።
እንደ ሩዝ ጆንያ ጀርባው ቁጥር ነበረው፤
ወርቅ ሠሪው፣ ጨርቅ ሻጩ፣ አዋጥቶ አቆመው።
ስድስት ዓመት ፈጀ። ባሌ በአምስተኛው…»
አልጨረሰችውም።

«ቆዳ?» አለኝ ጠባቂው በሰባራ ዓረብኛ፣
«ቀበቶ፣ ቦርሳ፣ ምንም ቆዳ አይገባም ወደኛ።»
ወደኛ ይላል ደግሞ!
ሲራጁል፣ የሲልሄት ልጅ፣ እንደኔው ሰጋጅ።
ቦርሳዬ ላስቲክ ነው። ቀበቶም የለኝ።
ሂርዜ ግን ትዝ አለኝ፦
ከኬሚሴ ስነሳ እናቴ ያሰረችልኝ፣
ሸሁ ጽፈው በፍየል ሌጦ የሰፉልኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንገቴ ያልራቀ
ነጠላ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ውስጡ ብርድ ነው። ነጭ።
የድንጋዩ ሰው እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤
የብርጭቆ ዓይኑ ማንንም አያይ፣ ሁሉን ይመለከታል።
«አስተግፊሩላህ» አልኩ በሆዴ።
ሂራቤን በጣቷ ሩዝ እየገፋች ጨረቃ ሠራች፤
ያቺው የዒዷ ጨረቃ! ኬሚሴ ድረስ ጠራች።
አንዷ አፏን ሸፍናለች፣ ትንኝ እንዳትውጥ፣
ወለሉን በመጥረጊያ ትዳስሳለች፣ ጉንዳን እንዳትረግጥ።
ሳቄ መጣ።
ከሳቄ ኋላ የመጀመሪያው ዓመት መጣ፦
የኩሽናው ወለል፣
ከምራቷ ሳጥን እስከ ዛሬ ያልወጣ
የሁለት ወር ደሞዜ።
ጉንዳን ብሆን ያኔ መንገድ ይጠረግልኝ ነበር።

የይቅርታ ቀናቸው ኖሯል።
ሂራቤን ዞረች። ሰማንያ ሦስት ዓመት ጎንበስ አለ፣
መዳፍ ከመዳፍ ገጥሞ፦
«አውቄም ሳላውቅም፣ በሐሳቤ፣ በአፌ፣ በእጄ፣
አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»
ምራቷ ከኋላ ስልኳን ትነካካለች።
አፌ «አውፍ» አለ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ እንደለመደው።
ልቤ ግን ገና ደረጃው ላይ ነው፤
አራተኛው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል።

ስወጣ ጫማዬ ውስጥ ሂርዜ የለም።
ክው አልኩ።
ሲራጁል ከሸሚዙ ኪስ አወጣልኝ፤
«የአላህ ቃል» አለ ተቆጥቶ፣ «ከጫማ ጋር አይቀመጥም።»
ሌጦው ሞቆ ነበር።