ምክንያት

ጌንት፣ ዳምፖርት ጣቢያ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
በአረንጓዴ መብራት ጨለማው ተቀዶ፣
የጉርፕሪት ሱቅ አለ፤ እዚያ እቆማለሁ፣
ከምሽቱ ሁለት እስከ ሌሊቱ ስምንት ዕድሜ እጠይቃለሁ።

ቢራ በአሥራ ስድስት፣ አረቄ በአሥራ ስምንት፣
ሲጋራም እንደዚሁ፤ ተለጥፏል ከሒሳብ ማሽኑ ፊት።
ጉርፕሪት ግን አይበቃውም፦ «ሃያ አምስት ካልመሰለ
ጠይቂ! ፂም አይተሽ አትመኚ፤ ፂም የሚዋሽ ስንት አለ!»
ይላል፣ የራሱን ፂም እየዳበሰ።

ተማሪው ይነጫነጫል፣ የወንድሙን ካርድ ያወጣል፤
በፎቶው ጆሮው ተለጥፏል፣ እፊቴ ግን ተገትሯል።
«ጆሮህ ዘንድሮ አደገ?» ስለው
ቮድካውን ትቶ፣ ሳቁን ይዞ ይወጣል።
የከለከልኩትን ደብተር ላይ እሞላለሁ፦ ሰዓት፣ ዕቃ፣ ምክንያት።
አምስት ሰዓት ከሩብ። ቮድካ። ጆሮ።

ወይዘሮ ሆደሊቭ በየሐሙሱ ለአንድ ጠርሙስ ሼሪ ትመጣለች፤
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። «መታወቂያ?» ካላልኳት ታኮርፋለች።
አንዴ ረሳሁና ዝም ብዬ ሸጥኩላት፣
«ዛሬስ አረጀሁ ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳኋት።

የኔን ቢጠይቁኝ ግን፣ የሚታመን መልስ የለኝም።

እናቴ እንዳለችኝ፣ ጳጉሜን ሦስት ነው፣ በሩፋኤል፣
ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ሲታጠብ፣ ዝናቡን ብሎት ጠበል።
ብራስልስ ላይ ይህን ብናገር፣ ጸሐፊው ጣቱን አንሥቶ
ወራቱን ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ፣ ተከታዩን አጥቶ።
«እንዲህ ያለ ወር የለም» አለኝ፤ ክፋትም አልነበረው፤
ጃንዋሪ አንድ ብሎ ሞላ። ዓመቱን ግን
የእጄን አጥንት በራጅ አንሥቶ ጠየቀው።
አጥንቴም መሰከረብኝ፤ አሥራ ዘጠኝ አለ።
አሥራ ስድስት ነበርኩ። በአንድ ቀትር
ሦስት ዓመት ሳልኖረው ዘለለ።

ትናንት ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ ልጅ መጣ፤
ወደ ተዘጋው የሲጋራ ቁም ሣጥን ጣቱን ቀሰረ፣ ድምፁ ሳይወጣ።
ካርዱን ጠየቅኩት፤ ሰጠኝ።
ዛልማይ። ፎቶው የራሱ። ማኅተሙ እውነት።
ጃንዋሪ አንድ።
አሥራ ስምንት ከሞላው ሁለት ወር።

ቀና ብዬ አየሁት።
ከላይ ከንፈሩ ላይ ምላጭ የማያውቀው ጭገር።
የጃኬቱ እጅጌ ጣቶቹን ውጧል።
የግራ እጄን አንጓ በቀኜ ይዤ አሳየሁት፦ እዚህ ጋ? አነሡህ?
ሳቀ። የራሱን አንጓ ያዘ።

ማሽኑ ሽጪ ይላል። ካርዱ ሽጪ ይላል።
ጉርፕሪትም ቢኖር፣ ሽጪ።
ዐይኔ ብቻ ነው ልጅ ነው የሚለው፤
ዐይን ደግሞ ማኅተም የለውም።
ብሸጥለት፣ ራጁን አመንኩ ማለት ነው።
ብከለክለው፣ እኔም «አንተ የምትለውን አይደለህም» ያለው
ሌላ ጸሐፊ ልሆን ነው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት።
ይህን በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ እላለሁ፤
መልሱን ፈልጌ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።
ቁጥሩን በደች ፈለገው፣ አጣው።
አሥር ጣቱን ዘረጋ፣ አጠፈ።
አምስት ጣት ዘረጋ።
አንድ ሊጨምር አውራ ጣቱን አነሣና
ካርዱን አይቶ መለሰው።

አልሸጥኩለትም።
በሩን ወርውሮት ወጣ። በቋንቋው የሰደበኝ ይመስለኛል፤
ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀ።
ጣቢያው ሥር ያለው ሱቅ ይሸጥለታል፣
ያውም ካርዱን አይቶ፣ ያውም በሕግ።

ደብተሩን ከፈትኩ።
ሰባት ሰዓት ከሃያ። ሲጋራ።
ምክንያት በሚለው ጠባብ ሣጥን ውስጥ
በአማርኛ ጻፍኩ፦ ጳጉሜን።

ነገ ጉርፕሪት መነጽሩን አውልቆ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል።
ወር ነው፣ እለዋለሁ።