ያልተበሳው ወገን

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ሁለት ሰፈር ርቆ፣
አንድ ፒያኖ አለ በእርጥበት ታንቆ።
ከቦምቤ በመርከብ የመጣ ነው አሉ፤
ቁልፎቹ ያለ ጣት ዝቅ ከፍ ይላሉ።
ምሱ ወረቀት ነው፣ ወንፊት የመሰለ፣
ቀዳዳ ካገኘ ጮኸ፤ ካጣ የለ።

“ዶሲ! ዶሲ!” ይላል ሙባረክ፣ ባባ፣
ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ጥላው ቤት ሲገባ።
እኔም እረግጣለሁ እንደ ስፌት መኪና፤
ወናፉ ያቃስታል፣ አስም አለበትና።
አዛን ሲሰማ እግሬን አነሣለሁ፤
ዜማው ግማሽ ላይ ይቀራል፣ አፉን ከፍቶ።

የግራው ቁልፍ ሁሉ ይዘልላል፣ ይወድቃል፤
የቀኙ ዝም ብሎ ሰው ይጠብቃል።
“አልተሰበረም” አለኝ፣ “ለጥንድ ነው ሥራው፤
ወረቀቱ አጃቢ ነው፣ ነጅላ ነበረች የምትመራው።”
ቦታዋን በምርኩዙ አሳየኝ፦
ከመቀመጫው ጫፍ፣ በቀኝ።
ቆዳው ላይ እስካሁን ጎድጓዳዋ አለ።
ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ጥቅሉን ዘረጋሁት አንድ ቀን፣ ማንም ሳያይ፤
ግማሹ ኮከብ ነው፣ ግማሹ ባዶ ሰማይ።
የነጅላ ቦታ ይኸው፤ አንዲት ነጥብ የላት፣
“ባለጣት ይመጣል” ብለው የተዉላት።
ሦስቴ ሚዜ ሆኛለሁ፤ አጃቢነት አይጠፋኝም፤
ሙሽራ የሌለው ሚዜ ግን አይቼ አላውቅም።

በኪሮሽ ወጋሁት።
አንዲት ብቻ፣ ከባዶው ሰማይ መካከል።
ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አላሰብኩም፤ እጄ ነው የቀደመኝ።

በማግሥቱ ዐሥር ሰዓት፣ “ዶሲ!” አለ እንደ ልማዱ፤
ረገጥኩ፤ ጥቅሉ ዞረ፤ ተነፋ፣ ሟሸሸ ሆዱ።
ከቀኝ፣ ከጫፉ ላይ፣ ማንም ሳይነካት፣
አንዲት ቁልፍ ወረደች። ከዜማው ጋር አይደለችም፤ ለብቻዋ ናት።

እግሬ ደረቀ። ልቆም ስል፣
“አታቁሚ” አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።
“ዘገየች።
ነጅላ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትዘገያለች።”

አላመንኩም፤ አልካድኩም።
“መልሺው” ሲለኝ ጥቅሉን ወደ ኋላ አጠነጠንኩት፤
ኪሮሹ ከኪሴ ሆኖ ጭኔን ወጋ አደረገኝ።

ወበቁ ወረቀቱን ያሳብጣል። ቀዳዳዬ ሲጠብ
ድምፅዋ ይታፈናል፤ ሌሊት እንደገና እከፍታታለሁ።
ዛሬ ሦስት ሆነዋል።
አራተኛዋ የት እንደምትገባ
ስረግጥ አስባለሁ፣
ባባ ሙባረክ ከወንበሩ ጫፍ
ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ።