ዳር የሌለው ውኃ

እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ ጣቴ ቀለም የጠጣ፣
አርባ ዓመት ከረቢው፣ ከሰላትያል ደጅ ያልወጣ።

ሳሎኒካ ያኔ ሱፍ ሱፍ ትሸት ነበር፤
ከማቅለሚያው ጋኖች ሰማያዊ ጅረት ይወርዳል ወደ ባሕር።
ቀን በገበያ መሐል የሱፍ እስር መዝኖ፣
ማታ ይቀመጣል፣ በዚያው በዛለ ክንዱ፣ የእንባ መዛኝ ሆኖ።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ባልን ውኃ ቢበላው፣
ባንድ ዳር ለቆመ ዙሪያው የሚታየው
ኩሬ ከሆነ፣ ሚስት ነጻ ትወጣለች፤
ባሕር ከሆነ ግን፣ ዳር የሌለው ውኃ፣ ትጠብቃለች።
ማን አየ? ምናልባት በማናውቀው ዳርቻ
ማዕበል ተፍቶት፣ ቆሞ ይሆናል ለብቻ።

ገና በሃያ አምስቱ፣ ጢሙ በቅጡ ሳይጠና፣
የዓሣ ነጋዴ ሚስት እደጁ መጣችና
"ሚስት ነኝ ወይስ መበለት?" ብላ ጠየቀችው።
አንድ ግሪክ ጀልበኛ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
መረቡን እየጠገነ ያጉተመተመውን፣
"ያ ጢመ ቀዩ አይሁድ፣ ምስኪን፣ ዓሣ በላው" ያለውን፣
እንደ ምስክር ቆጥሮ፣
"ሂጂ፣ ተፈትተሻል" አላት።

ዕድሜው ሲጨምር ፍርሃቱም ጨመረ።
"ችኩል ነበርኩ" አለና፣ በብዕር መቅረጫው
ያን ገጽ ከመጽሐፉ ቆርጦ ጣለው።
ሻማ ይዤ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ የኢስትሬያ፣ የአንድያ ልጁ ባል፣
አርባ እስር ሱፍ ጭኖ ወደ አንኮና ሄደ ቪዳል።
አንድ ክረምት። ሦስት። ስምንት።
ጣቷ ከስቶ ቀለበቷ ሲላላ፣ ክር ጠመጠመችበት።

ከራጉዛ የመጣ መርከበኛ፣ በወይን ጠጅ ቤት፣
"ያቺ መርከብ ለሁለት ተሰነጠቀች" ማለቱን ሰማን።
አባት ግን ለልጁ አይፈርድም፤ ጆሮውንም አላመነም።
"ጻፍ" አለኝ። "አንዲት ሴት አለች በል፤
የማን ልጅ እንደሆነች አትበል።"
ወደ ሳፌድ፣ ወደ ቬኒስ፣ ወደ ካንዲያ ላክን፤
ቪዳልን በበላው ባሕር ላይ ደብዳቤ ጫንን።

በዘጠነኛው ዓመት ከካንዲያ መልስ መጣ፣
ጨው የነካው ወረቀት፣ ጽሕፈቱ መልክ ያጣ።
ዓይኑ ደክሞ ነበርና እኔ አነበብኩለት፦
"ትፈታ። በሳሎኒካ ስሙ ያልተጻፈ ወጣት፣
ስለ አንድ ጀልበኛና ስለ አንድ መረብ፣
የፈረደው በእጄ አለ፤ የሚበልጠው ምክንያት አላገኘሁለት።"

ረቢው ዝም አለ። ሻማው ቀለጠ።
"ያ ገጽ" አለ ቆይቶ፣ "በዚህ ቢላ አልነበር የተቆረጠ?"
ነበር። ግን ከዚያ በፊት፣ አንድ ክረምት፣ ጫማ አጥቼ፣
ለአንድ መንገደኛ ሸጬው ነበር ቀድቼ።
ይቆጣል ስል ሳቀ።
በአርባ ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ።
"ጫማው" አለኝ፣ "ለክረምቱ በቃህ?"

ኢስትሬያ ክሩን ፈታች፤ ቀለበቷን አወለቀች፤
ኋላም አላገባችም፤ ግን ያን ማታ፣ ዘጠኝ ዓመት ክፍት የኖረውን
የባሕር መስኮት ዘግታ ተኛች።
እኔም ያን ደብዳቤ፣ ሰም በታሸ ክር፣
በተቆረጠው ገጽ ስፍራ ሰፋሁት፤
ጨው ይሸታል መጽሐፉ፣ ሲገለጥ፣ እንደ ባሕር።