አሥራ ሁለት ቤት

ሐሙስ ማታ፣ ከዚራ፣ ኒሙ ከጣራ ካለፈበት፣
ወለሉ ውኃ ተረጭቶ፣ መስኮት በሩ ተከፍቶበት፣
አራት ወንበር፣ አንድ መብራት፣ አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ፣
ወረቀት እንዳይገልጥብን የልብስ ቆንጣጭ፣ ከታይዋን ገበያ።

ማዳም አራክሲ አንደኛ ቫዮሊን፤ አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር፣
እሷም ጊዜን እንደሱ ነው፣ ቅንጣት አታሳልፍ ከድንበር።
ሮብሌ ሁለተኛው ነው፣ ከጉምሩክ በጡረታ የወጣ፣
ሲጫወት ዛሬም ይፈትሻል፣ የኮንትሮባንድ ድምፅ እንዳይመጣ።
አሜ ቡሽራ ቼሎውን አቅፎ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ እንዳዘለ፣
ዕድሜውን ኦቶራይ ጠግኖ፣ «ይሄም ሞተር ነው» እያለ።
እኔ ቪዮላ ነኝ። ትኬት ቆራጭ ነበርኩ፣ ከመስኮት ኋላ፤
ሰው እጄን እንጂ ፊቴን አያውቅም፤ እንዲሁ ናት ቪዮላ።
ከላይ ዜማው፣ ከታች መሠረቱ፣ እሷ መሐል የምታጣብቅ፣
ማንም ሰማኋት የማይላት፣ ግድግዳው ግን የሚፈርስ ስትለቅ።

ሹበርትን ደፍረናል፣ ብራምስንም፤ ድቮርዣክ ጋ ስንደርስ ያልበናል፣
መዝጊያችን ላይ ግን ዘወትር፣ ስሙ ያልተጠራ አንድ ጀርመን ይጠብቀናል፤
በረዶ አገር የኖረ፣ ሳል የበላው፣ ፍቅር ያከሰረው፣
ጣቱ በብርድ እየደነዘዘ ለአራት ወዳጆቹ የጻፈው።
አዳራሽ አላሰበም፤ ሳሎን ነው፣ ጉልበት ጉልበት የሚነካካበት፣
አንዱ ሲሳሳት ሌላው በትንፋሹ የሚያውቅበት።

በረዶውን እኛ አናውቅም። እኛ ዘንድ ሙጫ ነው የሚቀልጠው፣
ግንቦት ላይ ክሩ ሲረግብ፣ የቼሎው ሆድ ነው የሚሰነጠቀው።
ሦስተኛውን ክፍል አሜ ነው በደቻቱ ያስረዳን፤
«ደረቅ አሸዋ ነው ብላችሁ ዝምታውን አትመኑት፤ ስንቱን ወሰደብን!»

የኔ ወረቀት የመጣው ከአንድ ፈረንሳዊ ኢንጂነር ሣጥን፣
ምስጥ ቀድሞኝ አንብቦታል፤ ትቶልኛል የቀዳዳ ድርሻዬን።
ከሌሎቹ ስንቆጥር፣ የጎደለኝ አሥራ ሁለት ቤት፣
(«ሜዠር» ይሉታል፤ እኔ ግን፣ ሁለት ቋሚ ካለው፣ ቤት ነው አልኩት።)
ሰው ባዶ ቤት ሲያገኝ ይገባል። እኔም ገባሁ፤ በዓመቱ
አንድ ኖታ፣ በዓመቱ ሌላ፣ እንዲህ ሞላ ክፍተቱ።
ያሳፈርኳቸውን አስገባሁ፤ ሻንጣዋን የረሳች ሙሽራ፣
ጅቡቲ የቀረ ወታደር፣ የአዋሽ ጭቅጭቅና አቧራ፣
ትኬት ቆርጦ ሳይሳፈር የቀረ፣ ለምን ብዬ ያልጠየቅኩት፤
ሁሉንም፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ማንም ሳይሰማኝ አሳፈርኩት።

ሃያ ስድስት ዓመት።

ባለፈው ወር የአራክሲ የእህት ልጅ፣ «ሙሉውን አገኘሁ» ብሎ፣
በስልክ ላከው። መነጽሬን አድርጌ ገለጥኩት፣ እጄ ዝሎ።
በኔ መስመር፣ በዚያ ቦታ፣ ወፍራም ጥቁር ሰረዝ ተኝቷል፣
ከላዩ አንድ ቁጥር ብቻ፤ «አሥራ ሁለት» ይላል።
እረፍት! የሰውዬው ትእዛዝ ለካ ይሄ ኖሯል፤
ቪዮላው ቀስቱን ጭኑ ላይ ያኖራል፣
ሦስቱን ይሰማል።

እና ሰው ባረፈበት ቤት ውስጥ
ያን ሁሉ ዘመን ዕቃ ስጎትት!

ሐሙስ ደረሰ። ለማንም አልተነፈስኩም። ቦታው ላይ ስንደርስ ቀስቴን አወረድኩ።
ሦስቱን ሰማኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።
አሜ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?
እሱ ግን ቀጥ አለ፤ «ምን ነካህ? ነዳጅ አለቀ?»
ስልኩን አሳየኋቸው።
አራክሲ ረጅም ጊዜ አየችው። ሮብሌ አላየውም፤ ሳቀ።
«የጉምሩክ ሰው ነኝ እኮ፤ ያለ ሰነድ የገባ ዕቃ
አይጠፋኝም። አይቼ ነው ያሳለፍኩህ።»

«ከላይ እንጀምር» አለች አራክሲ፤ «አንተ እንዳሻህ።»

ጀመርን። ቦታው ደረሰ። ቆጠርኩ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሙሽራዋ ወረደች፣ ወታደሩም፤
አቧራው እንኳ ወረደ።
ዘጠነኛው ቤት ላይ ቀስቴ ራሱ ተነሣ፤
አንድ ኖታ፣ ለዚያ ትኬት ቆርጦ ላልተሳፈረው።
ሌላው ይረፍ።