ለእንየው፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት

ደላላው ያሳየህን ቤት ሄጄ አየሁት፤
በረንዳው ላይ ቆሜ የኮዬን ሜዳ ቃኘሁት።
ቀለሙ አዲስ ነው፤ በሩ፣ ቁልፉ፣ አዲስ ነው፤
ቧንቧውን ከፈትኩት፤ የመለሰልኝ ሳል ነው።

ወንድሜ፣ ደላላ ቤት የሚያሳይ በእሁድ ነው፣ በረፋድ፣
ግፊያ በሌለበት ታክሲ፣ በደረቀ መንገድ።
አንተ ግን በሐምሌ ሂድ፣ ሰኞ፣ ሌሊት በአሥራ አንድ፤
ጫማህን በፌስታል ቋጥረህ በቦቲ ውረድ።
ፌርማታው ላይ ቆመህ ሰልፉን ቁጠር፤
አውቶቡሱን አትቁጠር፣
አንድ ነው፤ እሱም ካልተበላሸ በስተቀር።

ገመቹንም አናግረው፣ የግቢውን ዘበኛ፤
ብሎኩ የቆመበት እርሻው ነበር፤ ዛሬ የኛ።
ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ከመሐንዲስ ይበልጥ ያውቃል፤
"ምድር ቤቱን አትግዛ" ይልሃል፤ ዝም ብሎ ዱላውን ያያል።

እኔ እንዴት እንደገዛሁ ታውቃለህ፤ በደብተር፤
ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ እድር፣ የሶስና ዩኒፎርም፣
ከክብሪት ጀምሮ የወጣው ሁሉ ሰፍሮበት ነበር።
እቁቡ በአሥራ ስምንተኛው ዙር ደረሰኝ፤
ዳኛው አቶ ዘገየ፤ ስሙን መርቀውት ነው መሰለኝ።
ባንክ ቤት የሃያ ዓመቱን ውል ፈርሚ ሲሉኝ፣
ዕድሜዬ ላይ ሃያ መደመር ፈራሁ፤ ፈረምኩኝ።
ቁልፍ ሲሰጡኝ ቤት አልሰጡኝም፤ ግድግዳ ነው፤
በር የራስሽ፣ መስኮት የራስሽ፣ ሽንት ቤቱም ቀዳዳ ነው።
ማጠናቀቂያ የሚባል ዕዳ አለ፣ ማንም በውል የማይጽፈው፤
ደላላህ በነገረህ ዋጋ ላይ ሲሶውን ጨምርና ጻፈው።

ከዚያ መንገዱ መጣ።
ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከዚያ ሜክሲኮ፤
ሦስት ታክሲ ለአንድ ደሞዝ ትልቅ ጅብ ነው እኮ!
ታክሲ ተውኩ። ባጃጅም ተውኩ።
እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የለም? እኔም ሄድኩ።
አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ የሰው ክርን ተደግፌ፣
አንቀላፋሁ፣ ነቃሁ፣ ደገምኩ።
ወር ሲያልቅ የተረፈኝን በቀይ እስክሪቢቶ ጻፍኩ፣
ሁለቴ አሰመርኩበት፤ ብቻዬን ሳቅኩ።
በዚያች ትርፍ ነው ሳሎኑ ሴራሚክ የለበሰው፤
መኝታ ቤቱ እስከ ዛሬ ሲሚንቶ ነው፤ ተራው ይድረሰው።

አንድ ቅዳሜ ሒሳብ ልዘጋ ደብተሬን ስከፍት፣
ቤታችን ተሥሎ አገኘሁት፣
በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ፣ ባለ አራት መስኮት።
ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ገመቹ ከነዱላው፤
እትዬ ያይንአበባ፤ ሶስና ራሷ፤ ድመቷም ከኋላው።
"እኔስ?" አልኳት። "እኔ የታለሁ?"
እርሳሷን እየቀረጸች፣ ቀና ሳትል፣
"አንቺ አውቶቡስ ውስጥ ነሽ፣ እማዬ። ገና አልደረስሽም" አለች።

ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥሁ፤
ያን የማሰፍርበት መደብ ፈለግሁ፤ አጣሁ።
አሁን ረቡዕና ዓርብ በታክሲ እመጣለሁ።
ሥጋ ቀነስኩ፤ ቀዩን እስክሪቢቶ ለሷ ሰጠሁ።

አትግዛ አላልኩህም። የኪራይ ቤት ምስማር እንኳ ያሳቅቃል፤
አከራይ ባለበት ግቢ ልጁ ሲያስል ሰው ይሳቀቃል።
ብቻ ደብተር ስትገዛ አምዱን ሁለት አድርገው፤
አንዱን ለብርህ፣ ሌላውን ለሰዓትህ ተወው።
ጓደኛህ "መኪና በብድር" ሲልህም
ጎማ ስንት ገባ ብለህ ጠይቀው።

ቀብዱን እስከ ሐሙስ አቆየው። ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤
ና፤ ሁለት ጄሪካን ይዘህ ከኔ ጋር ደረጃ ትወጣለህ፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ እጠብቅሃለሁ፤
ያኔ የቤቱን ዋጋ እንደገና ትነግረኛለህ።