የእግር ሰው

ሐይቁን ተደግፎ ሆቴላችን ቆሟል፤
ከሐሙስ ጀምሮ ወረቀት አትሟል፦
«የጃፓን ቲያትር፣ እራት ተጨምሮ»፤
ዓሣው ያው ቆሮሶ፣ ዋጋው ተቀይሮ።

እኔ ሌዳሞ ነኝ፣ የማታ አስተናጋጅ፤
ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ ነጭ ፎጣ በእጅ።
አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ
ስመላለስ ኖርኩኝ፣ ሳልታይ፣ ሳልገለጥ።
«አንተ!» ነው የሚሉኝ፣ «እስኪ ሌላ ቢራ»፣
ስሜ ደረቴ ላይ ተሰክቶ እያበራ።

መድረኩ የሠርግ ነው፤ ከትናንት ሙሽራ
የተረፈ አበባ ወድቋል በየተራ።
ሦስት ሰዎች ገቡ፣ ጥቁር ተከናንበው፣
አንዲት አሻንጉሊት ለሦስት ከብበው።
ፊቷ ነጭ እንደ ኖራ፣ ከንፈሯ ጠብታ፣
ባሏን ትጠብቃለች ድልድይ ላይ፣ በማታ።

ሽማግሌው ብቻ ፊቱ ተገልጦለት
ራሷን፣ ቀኝ እጇን ይነዳል በስልት።
ግራዋ የሌላው ነው።
ሦስተኛው ልጅ እግር፤ ሥራውም እግር ነው።

ለካ እግር የላትም!
የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት ጡጫው ይዞ
ያስኬዳታል ልጁ፣ ጉልበቱ ደንዝዞ።
ቆም ስትል ይቆማል፣ ስትሮጥ ያለከልካል፤
የሚሮጠው እሱ፣ ልቧ ግን ይመታል።

ወረቀቱ እንዳለው እግር አሥር ዓመት ነው፣
ግራ እጅ ሌላ አሥር፤ ፊትም የሚታየው
ጠጉር ሲሸብት ነው።
የራሴን ቆጠርኩት፦ እግሩን ጨርሻለሁ፤
ግራ እጄ ላይ ገና ትሪ ይዣለሁ።

እንግዳው ይበላል። ከሥልጠና የመጡት
የአንገታቸውን ባጅ እንኳን ሳያወልቁት
ስልክ ይደቅናሉ። ጥግ ያሉት ወይዘሮ ግን፣
አሻንጉሊቷ እጅጌዋን ነክሳ ሳግ ስትውጥ አይተው፣
ሹካቸውን አስቀመጡ፤
«እኔን!» አሉ ቀስ ብለው፣
ለእንጨት እንደማይባል ረስተው።

መብራት የሄደው ያኔ ነው።

ጀነሬተሩ ሲያስል፣ ጥበቃው ሲሯሯጥ፣
ተራኪው በጨለማ ድምፁን ሳያቋርጥ፣
ሻማ ይዤ ገባሁ። ማን ያየኛል ብዬ
ከልጁ አጠገብ በጉልበቴ ወደቅሁ፣ እጄን ወደ እሷ ሰቅዬ።
ጥቁሮቹ ጠፉ። ወንበሩ ጠፋ፣ ሐይቁ ጠፋ።
ያቺ ነጭ ፊት ብቻ ቀረች፤
አራት ሰው ተሸክሟት፣ ብቻዋን ቆመች።
ሰሙ ጣቴ ላይ ፈሰሰ፤
ወርቁን እሷ ወሰደች።

ሲጨበጨብ እኔ ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ጋ
ሒሳብ እየጻፍኩ ነበር።

እኩለ ሌሊት ላይ ልጁ ወጥ ቤት መጣ፤
ሽፍኑን አውልቆ፣ ግንባሩ ላይ ብጉር ወጥቶ፣
ሆዱን በእጁ መታ መታ።
የተረፈ ዓሣ ነበረ፤ በአዋዜ በላ፣ እንባው እስኪመጣ፣
ደግሞ አሁንም በላ።
ደረቱን ነካና «ሾታ» አለኝ፤ እኔም ባጄን ጠቆምኩት።
ሁለታችንም ማንበብ የምንችለው ሌላ ነገር አልነበረም።

ከዚያ የገበታ ፎጣ አነሣ፤
ጫፏን በሁለት ጡጫው ያዘ፤
ብረቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨውና ከሎሚው መሐል
አንዲት ሴት ተራመደች።
ሰጠኝ። ሞከርኩ። የእኔዋ አነከሰች።
ሳቀ፤ ዐሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየኝ።
እኔም ዐሥሩን ዘረጋሁለት።
ዝም አለ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤
በዚህ ቤት እጅ ሲነሣኝ
እሱ የመጀመሪያው ነው።

ጠዋት አውቶቡሳቸው ሲወጣ አላየሁም።
በአሞራ ገደል በኩል ሳልፍ አባ ኮዳዎቹ
ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል፣
የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፤
ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም፤
እኔ አየኋቸው።

ቁርስ ላይ ፎጣ ሳጥፍ
አንዷ ሁለት እርምጃ ሄደች።
እንግዳው ከጋዜጣው ቀና አላለም፤
እሷም አላነከሰችም።